ሰባት ደቂቃ

በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ ቆሼ፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት አንጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ቫይስ ሲቲ» ውስጥ ብዙዎችን ያስመረረ አንድ ግዳጅ አለ፤ በአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር አራት ፈንጂዎችን ተራ በተራ አንጠልጥሎ ባላለቀ ሕንፃ አራት ፎቆች ላይ ማኖር። የመጀመሪያው ፈንጂ ከተነሣ የሚሰጠው 7 ደቂቃ ብቻ ነው። የተጫወተ ያውቃታል፤ ያች ሄሊኮፕተር ግድግዳ ትወዳለች!

የእኛ ችግር ግን ሌላም ነበር። ቤቱ ሜሞሪ ካርድ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ወይም የከፈልንበት ሰዓት ሲያልቅ የደከምንበት ሁሉ ይጠፋል፤ ነገ እንደገና ከ«ሀ»። (ዛሬ በባንክ መስኮት ሒሳብ አልገጥም ብሎኝ ሲመሽ ያ ክረምት ትዝ ይለኛል።) ከቆሻሻው ተራራ ሥር የሚኖረው ጓደኛዬ ከጀርባዬ ቆሞ «ቀስ በል፤ ሰዓቱን አትየው» ይለኝ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ 11 ሰከንድ ሲቀረን፣ አራተኛው ፈንጂ ተቀመጠ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጓደኛዬ አክስቱን ፍለጋ ከቁፋሮው ቦታ አልነቃነቅ አለ። ሌሊት ሳይቀር የኤክስካቫተሩን ነጂ፣ በዚያው በማውቀው ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በል» ይለው ነበር። በአራተኛው ቀን አገኛት።