የመስከረም ወፍ

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ማለዳ ከቃሊቲ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢሾፍቱ ወረድኩ። በማግስቱ ለወጣቶች ክፍል የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን፣ ጌታ ስለ ሰማይ ወፎች የተናገረበትን ክፍል ላስተምር ነበር። ከኢንተርኔት የወረደ የባዕድ አገር ወፍ ማሳየት ስለሰለቸኝ ከቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ ክፍል ካኖን ካሜራና 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሼ ነው የሄድኩት።

ይህን ወራት አንዳንዱ ጸደይ፣ አንዳንዱ መጸው ይለዋል። ክርክሩን ለሚወዱት ልተወውና፣ ከዱከም ጀምሮ ማሳው አረንጓዴ፣ የመንገዱ ዳር ቢጫ ነበር።

ጨለለቃ አካባቢ ካለው ረግረግ ዳር፣ ሣሩ ወገብ የሚደርስበት ቦታ ላይ የመስከረም ወፍ አገኘሁ። ወንዱ ፊቱና ሆዱ ጥቁር፣ ሌላው ገላው እንደ ፍም ነው። ላባውን ነፍቶ ከአንዱ ሣር ጫፍ ወደ ሌላው ይበራል። እኔም ከኋላው ሮጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የነበረኝ የተወዛወዘ ሣርና ቀይ ጭረት ብቻ ነው። ስለ አለመጨነቅ የሚያስተምር ሰው ለአንድ ፎቶ እንዲህ መጨነቁ እኔኑ አሳቀኝ። የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/1000 ሰከንድ ከፍ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቀረቡኝ።

“ምን ታነሳለህ ልጄ?”

“የመስከረም ወፍ፣ አባባ። መስከረም ሲያልፍ ግን የት ነው የምትሄደው?”

ሳቁብኝ። “የት ትሄዳለች? እዚሁ ናት። ቀዩን ልብሷን ስታወልቅ አታውቋትም እንጂ።”

እውነታቸውን ነበር። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ወንዱ ቀዩን ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ድንቢጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች መልሼ አየሁ። ብዙዎቹ ላይ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ቡናማ ወፍ አለች፤ ቀዩን ሳሳድድ አንዴም አላየኋትም።

ያኔ አንድ ወጣት ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ በር አጠገብ ተቀምጧል። አይዘምርም፣ አይጠይቅም፤ ስም ስጠራ “አለሁ” ይላል፣ በቃ። የሚዘምሩትን፣ የሚመሰክሩትን፣ ሲጸልዩ የሚያለቅሱትን ግን አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸውም ሄጃለሁ። ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ጊዜ ካለህ ላናግርህ ፈልጌ ነበር” አለኝ። የመዘምራን ልምምድ ላይ ለመድረስ ቸኩዬ ስለነበር “ለሳምንት” አልኩት። ለሳምንት አልመጣም። ክረምት ነው፣ ቤተሰቦቹ ጋ ሄዶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሐምሌና ነሐሴ አለቁ። ቁጥሩ ግን ስልኬ ላይ ነበር።

ጸጥታው ነፍሴን አሳረፋት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላሳረፋትም። ለመጸለይ ሞከርኩ፤ “ይቅር በለኝ” ከሚለው የዘለለ ቃል አልወጣኝም። ቀዩ ወፍ አምስት ሜትር በማይሞላ ርቀት መጥቶ አረፈ፤ ካሜራውን አላነሳሁም።

ሁለቴ ጀምሬ ዘጋሁት፤ በሦስተኛው ደወልኩ።

“አቤት ጋሼ” አለ። ቁጥሬን ይዞት ኖሯል።

“ያን ቀን ልታናግረኝ ፈልገህ ነበር” አልኩት።

ዝም አለ። ከጀርባው የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል።

“አሁን ሥራ ላይ ነኝ” አለ ቆይቶ። “ማታ ብደውልልህ ታነሳለህ?”

“አነሳለሁ።”

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ስልኩን እስከ ቃሊቲ በእጄ ይዤው ነበር።