የፊውግ ጆሮ በደቡብም አለ

እ.ኤ.አ. በ1827 በርሊን ውስጥ አውጉስት ሃንሽታይን የሚባል ወጣት በጠና ታመመ። ጓደኛው፣ የሙዚቃ ደራሲው ፌሊክስ ሜንዴልሶን፣ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ሹብሪንግ የተባለው ወዳጃቸው ኋላ እንደተረከው፣ ሜንዴልሶን በታማሚው አልጋ አጠገብ እያመሸ በኢ ማይነር አንድ የፒያኖ ፊውግ ጻፈ። ሃንሽታይን ከሕመሙ አልዳነም።

ፊውግ እንዲህ ይሠራል። አንድ አጭር ዜማ ብቻውን ይጀምራል። ሁለተኛው ድምፅ ያንኑ ዜማ በሌላ ከፍታ ይዞ ሲገባ የመጀመሪያው ዝም አይልም፤ ሌላ ዜማ እያዜመ አብሮት ይሄዳል። ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ከዚያም አራተኛው ይገባል። በፒያኖ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ሁለት እጆች ይሠራል። ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሚቀድመው፣ ፕሬሉድ የሚባለው መግቢያ ግን ነፃ ነው፤ ጆሮን ያዘጋጃል።

የሜንዴልሶን ፊውግ በዝግታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይፈጥናል፣ ይበረታል። ጭንቀቱ ጣራ ሲነካ በድንገት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመስል ሰፊ ዜማ ይገባል፤ መጨረሻውም ጸጥ ያለ ነው።

በዚያ ዘመን ፊውግ ያረጀ ነገር ይባል ነበር። ታላቁ ጌታው ባኽ የሞተው በ1750 ነው። ሜንዴልሶን ግን በ1829 የባኽን የማቴዎስ ሕማማት በርሊን ላይ መርቶ ለሕዝብ አሰማ፤ በ1837 ደግሞ ያንን የኢ ማይነር ፊውግ ጨምሮ ስድስት ፕሬሉድና ፊውጎች አሳተመ። በ1845 ክላራ ሹማን የራሷን ሦስት ጻፈች። በ1884 ሴዛር ፍራንክ በፕሬሉዱና በፊውጉ መካከል መዝሙር አስገባ።

በዎላይታዋ ሻንቶ ይህን የሚያዳምጥ ሰው ፒያኖው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ የድምፆቹ አብሮ መሄድ ግን ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። ከዎላይታ በስተደቡብ፣ በጨንቻ ደጋ፣ ዶርዜዎች ሲያዜሙ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ይደረባል፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ዜማው አንድ ይሆናል። እምቢልታም እንዲሁ ነው፤ አንዱ እምቢልታ ጥቂት ድምፆች ብቻ ስላሉት ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞላሉ። እነዚህ ፊውግ አይደሉም። የሚጠይቁት ጆሮ ግን አንድ ነው፦ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚከተል።

ከዚህ ጆሮ ወደ ፒያኖ የሚወስደው መንገድ እንደሚያስኬድ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ አሳይቷል። በ1967 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በክራር ጀመረ፤ ፒያኖን ያገኘው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ሶፊያ ተማረ፤ ሜንዴልሶን በ1843 በመሠረተው የላይፕዚግ ትምህርት ቤትም ሠለጠነ። ዛሬ የሾፓንን ሥራዎች በሚጫወትባቸው ጣቶች «አምባሰል»ንና «ሰመመን»ን በፒያኖ ያሰማል።

ስለዚህ በሻንቶም ሆነ በሶዶ ሙዚቃ የምታስተምሩ መምህራን፣ ፒያኖ እስኪመጣ አትጠብቁ። ልጆቹ በዎላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ከሚያዜሙት አንዱን ምረጡ። ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱ ወገን ይጀምር፤ ሌላው ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግይቶ ይግባ። ሁለቱ ወገኖች ሳይደነቃቀፉ መዝለቅ ሲችሉ የሜንዴልሶንን ፊውግ በስልክ አሰሟቸው፤ ሁለተኛው ድምፅ የት እንደገባም እነሱ ይንገሯችሁ።