የራሔል ልቅሶና የግብጽ መንገድ

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። መልአክ ለዮሴፍ በሕልም ነግሮት ሕፃኑ ኢየሱስ ከሄሮድስ ሰይፍ አምልጦ ግብጽ ገባ፤ በሆሴዕ 11 የተነገረውም ተፈጸመ። የቤተ ልሔም ሕፃናትስ?

እናቴ ታናሽ ወንድሜን በኩፍኝ አጥታለች፤ እኔ በዚያው በሽታ ታምሜ ተርፌአለሁ። ጎረቤቶች «አንተን እግዜር ጠበቀህ» ሲሉኝ እናቴ ዝም ትላለች። «እሱንስ ለምን?» ማለቷ ይመስለኛል።

ወንጌላዊው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ግን ከኤርምያስ 31 የራሔልን ልቅሶ እዚያው ጎን ጽፎታል። የዳነውን ሲተርክ የሞቱትን አልደበቀም። ጥበቃውም ቢሆን ሠራዊት አልነበረም፤ ዮሴፍ በሌሊት ተነስቶ መንገድ መግባት ነበረበት። የተረፈው ሕፃንም ኋላ በመስቀል ሞቷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «እግዜር ጠበቀኝ» ስንል አጠገባችን የምታለቅስ እናት እንዳለች አንርሳ።