ጠመኔና መምህር

አንባቢ ሆይ፣ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ በምትታወቀው በደብረ ታቦር ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ሳለሁ ስለ ፈጸምሁት ነገር ላጫውትህ። ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነበረ። ለታሪክ መምህርነት ካመለከቱት መካከል አንዱ ዓይነ ስውር ወጣት ነው። የዩኒቨርሲቲ ውጤቱ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በቃል ስንፈትነውም ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ መቅደላ እንዴት እንደ ተጎተተ፣ አብሮ እንደ ጎተተ ሰው አድርጎ ተረከልን።

በመጨረሻ ሰብሳቢያችን «ታዲያ በሰሌዳው ላይ ማን ይጽፍልሃል?» አሉት። ወጣቱም «ከተማሪዎቼ አንዱ ይጽፍልኛል» ሲል መለሰ። እርሱ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ተመረጠ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍሁ። ያዘንሁለት መስሎኝ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ያነበብሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ይህ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የታወጀ ሕግ እኛ በተሰበሰብንበት ዕለት ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ካጸደቀች ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ነበር። አሠሪው የሥራውን ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ አዋጁ ያዝዛል፤ አለማመቻቸት ራሱ አድልዎ ነው። አሠሪው ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆነው ነገሩ ከፍ ያለ ወጪ ወይም ችግር የሚያስከትልበት ሲሆን ነው። ከእኛ የተፈለገው ግን የአንድ ተማሪ እጅና አንድ ጠመኔ ብቻ ነበር! ነጥብ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን እንኳ ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛው ነው፤ እርሱ ደግሞ በልጦ ነበር። ቢከስ ኖሮ የማስረዳቱ ሸክም በእኛ ላይ በወደቀ። አልከሰሰም።

ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ሕጉን አለማወቄ አይደለም። በልጅነቴ በመንደራችን ቅኔ ያስተምሩ የነበሩት የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ልጅ በትራቸውን ይዞ ከጎጆአቸው እየመራ ያወጣቸዋል። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የደቀ መዛሙርቱን ቅኔ እየሰሙ ያርማሉ፤ አንድ ቃል ቢዛነፍ አያመልጣቸውም። ለየኔታ መሪ መመደብ ለደብሩ ሸክም ነው ሲባል ከማንም አልሰማሁም። እንግዲህ አዋጁ ረዳት የሚለውን እኛ መሪ እያልን ስንጠራው ኖረናል። ይህን እያወቅሁ ነው እጄን ያወጣሁት።

ያ ወጣት በሌላ ወረዳ ተቀጥሮ እንደሚያስተምር በቅርቡ ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ደብዳቤ ጀመርሁና «ማን ያነብለታል?» ብዬ ተውሁት። ሰብሳቢያችን የጠየቁትን ጥያቄ ደግሜ መጠየቄን የተገነዘብሁት ብዕሬን ካስቀመጥሁ በኋላ ነበር። ደብዳቤውን በማግሥቱ ጨርሼ ላክሁት።