ሰው ወደ ማይኩ ወይስ ማይኩ ወደ ሰው?

እኛ አገር ማይክ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል። ሰርግ ከሆነ መድረክ መሪው ነው። ለቅሶ ከሆነ የዕድሩ ጸሐፊ ነው። የዘመድ ግብዣ ከሆነ ደግሞ ያለ ማይክም ሰፈር የሚያናውጥ ድምፅ ያለው አጎት አይጠፋም። እሱ አንዴ ከያዘው የሚያስለቅቀው የለም። «አንድ፣ ሁለት… ሄሎ… ይሰማል?» ይላል። ይሰማል ጋሼ! ያለ ማይኩም ይሰማ ነበር እኮ!

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ዓመት የቤተሰባችንን ማይክ የመግዛት ኃላፊነት እኔ ላይ ስለወደቀ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየዓመቱ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አያታችን ግቢ እንሰባሰባለን። ትንሽ ድንኳን ይጣላል፣ የዕድር ወንበር ይመጣል፣ ወደ አርባ ሰው እንሆናለን። ቡናው ካለቀ በኋላ ወጣቱ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ ያወጣና ከዩቲዩብ የዘፈኑን ክላሲካል (ድምፃዊው የሌለበትን ማለቴ ነው) ከፍቶ በባዶ ጉሮሮ ይጮሃል። እናም የአክስትና የአጎት ልጆች ተሰብስበን «በቃ ገመድ አልባ ማይክ እንግዛ» አልን። ገንዘብ ተዋጣ። ስንት እንደተዋጣ አልነግራችሁም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዛሬ የጻፍኩላችሁ ዋጋ ነገ ያሳስታችኋል። በደፈናው ግን «ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ» በሚባለው ደረጃ ያለ ገንዘብ ነበር።

ክርክሩ የመጣው ምን ዓይነት ይገዛ በሚለው ላይ ነው። አንዱ የአጎቴ ልጅ ያንን ወርቃማ ቀለም ያለውን፣ ስፒከሩ እዚያው እጀታው ላይ የተገጠመለትን፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን ፈለገ። እኔ ደግሞ ሁለት ማይክ ከአንድ ሪሲቨር ጋር ያለው ይሻላል አልኩ (የዲሹን ሪሲቨር አይደለም የምላችሁ፤ ከማይኩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ለስፒከሩ የሚሰጠውን ትንሿን ዕቃ ነው)። እሱ የሚያስበው ስለ ዘፈን ነው። እኔ የማስበው ስለ ምርቃት ነበር።

እምዬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ምርቃቷ ረጅም ነው፣ የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራ የሚሄድ ነው። ድምፅዋ ግን ከዓመት ዓመት ቀጥኗል። ፊት የተቀመጡት ሰምተው «አሜን» ይላሉ። መሀል ያሉት ፊተኞቹን ሰምተው ይላሉ። ድንኳኑ ጫፍ ላይ ያለነው ደግሞ ጉርሻችንን ውጠን፣ ለምን እንደሆነ ሳናውቀው፣ ዘግይተን «አሜን!» እንላለን። በስሜ ተመርቄ ይሁን በሌላ ሰው ስም ሳላውቅ አሜን ብዬ ስንት ዓመት አለፈ!

በነገራችን ላይ የካራኦኬን ታሪክ ብታዩት እሱም የተጀመረው ድምፅ ላላቸው ሰዎች ሲባል አይደለም። ጃፓናዊው ዳይሱኬ ኢኖዌ በኮቤ ከተማ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ለዘፋኝ ደንበኞች ሙዚቃ የሚያጅብ ሰው ነበር። አንድ ደንበኛው ለጉዞ ሲወጣ አብሮት ሄዶ እንዲያጅበው ጠየቀው። ኢኖዌ መሄድ ስላልቻለ አጃቢውን ሙዚቃ ብቻ በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ሠራና ለመጠጥ ቤቶች አከራየ። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም፤ ስለዚህ ዓለም ሁሉ ሲዘፍንበት እሱ ከዚያ ሀብት አልደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን የኢግ ኖቤልን የሰላም ሽልማት ሰጡት (ቀልድም ቁም ነገርም ያለበት ሽልማት ነው)። ምክንያቱ? ሰዎች እርስ በርስ እንዲቻቻሉ አዲስ መንገድ ስለከፈተላቸው! የጎረቤቱን ካራኦኬ የሰማ ሰው ይህ ቀልድ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ መርካቶ ልመልሳችሁ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ መቶ ሜትር ይሄዳል» አለኝ። «እስቲ ልሞክረው» አልኩና ማይኩን ይዤ እየቆጠርኩ ከሱቁ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ስደርስ ድምፄ መቆራረጥ ጀመረ። ተመልሼ ስነግረው «ሰው በዝቶ ነው» አለ። እውነቱን ነው! ያ ማይክ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። ብዙው የቤት ዋይፋይም በዚሁ ላይ ነው የሚሠራው። የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ግን ወንድሜ፣ ድግስ ማለት ሰው የሚበዛበት አይደለም እንዴ? በየበሩ ዋይፋይ ባለበት ኮንዶሚኒየም፣ በሰው በተሞላ ሳሎን ውስጥ የሚቆራረጥ ማይክ መቶ ሜትሩን የት ልሂድበት?

ስለዚህ ዩኤችኤፍ የሚባለውን አስወጣሁት። እነዚህ በአብዛኛው ከ500 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ በሰው መሀል ሲያልፉም ይሻላሉ። እነሱም ግን ጣጣ አላቸው። ርካሾቹ ሞገዳቸው ከፋብሪካ የተቆለፈ ነው። ጎረቤታችሁ ተመሳሳዩን ከገዛ የእሱ ድምፅ በእናንተ ስፒከር ሊወጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት አዳራሾች ውስጥ ሁለት ሰርግ ነበረ። የእኛ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ሲመክሩ ከወዲያኛው አዳራሽ «የታርጋ ቁጥሩን የምጠራው መኪና ይነሣልን» የሚል ድምፅ መሀል ገባ። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ። ስለዚህ ቻናሉን መቀየር የሚቻልበት ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት። ሁለቱ ማይኮች አንድ ላይ ተከፍተው መሥራታቸውንም እዚያው ሱቅ ውስጥ አረጋግጡ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚያንቀው አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር መዘግየት ነው። የማይክን ድምፅ በብሉቱዝ ወደ ስፒከር ብትልኩት አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ይቺ ምናላት አትበሉ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ማለት የራሳችሁን ድምፅ 68 ሜትር ርቆ ከቆመ ሞንታርቦ እየሰማችሁ እንደመዝፈን ነው። ምቱን ትስታላችሁ፤ የሚናገርም ሰው ምላሱ ይተሳሰርበታል። ምርቃት ላይማ ከባሰም የባሰ ነው። አሜን የሚባለው እኮ በቦታው ነው! በሪሲቨር አድርጎ በገመድ ስፒከሩ ውስጥ የሚገባው ዩኤችኤፍ ይህ ችግር የለበትም። ሙዚቃውን በብሉቱዝ ላኩት፣ ግድ የለም፤ ድምፃችሁን ግን በጃክ አስገቡት። ስፒከራችሁ ወፍራሙን የማይክ ጃክ (6.35 ሚሊ ሜትር) የሚቀበል ቀዳዳ እንዳለው ከቤት ሳትወጡ እዩ። ቴሌቪዥን በአብዛኛው የማይክ መግቢያ የለውም።

ወርቃማው ማይክስ? ለሁለት ልጆች ጨዋታ አይከፋም። ግን ስፒከሩና ማይኩ አንድ እጅ ላይ ስለተጣበቁ ድምፁን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ያፏጫል። ማፏጨት ማለት ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማው፣ ስፒከሩ ደግሞ መልሶ ሲያወጣው የሚመጣ ዙር ነው። መድኃኒቱ ማራራቅ ነው፦ ስፒከሩ ከተናጋሪው ፊት ለፊት፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቁም። ማይኩ ደግሞ ወደ አፍ ይጠጋ፣ ጭንቅላቱም በመዳፍ አይታፈን። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚሰማው ድምፅ በስድስት ዴሲቤል ይወርዳል። እምዬን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያላት ሰው ማይኩን ደረቷ ላይ ከያዘችው ስፒከሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብትከፍቱት ከፉጨት በቀር የምታተርፉት የለም።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ለማኅበርና ለልደት ብላችሁ ያገለገለ ማይክ በርካሽ ስታገኙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሞገድ አንብቡ። ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለማይክ ዝግ ነው። ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 13 ቀን 2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለሞባይል ኔትወርክ ተሽጧልና። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። «እንግዲያው አገር ቤት ልላከው» ማለትም አያዋጣም። እዚህም ሞገድ ባለቤት አለው፤ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ በዓሉ ደረሰ። ሁለቱን ማይኮች ይዤ ሄድኩ። የዘጠኝ ዓመቱን የወንድሜን ልጅ ማይክ አዟሪ አድርገን ሾምነው። እምዬ ስትመርቅ እሱ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግቶ ያዘላት። ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። አሜኑም በአንድ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም። ልጁ ሹመቱን አክብዶት ኖሮ ማይኩን ለሁሉም ማዳረስ ጀመረ። ዞሮ ዞሮ ማድቤቱ በር ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የቆመችው ታናሿ አክስቴ ጋ ደረሰ። እሷ ከእምዬ ጋር የምትኖረው ናት። በግብዣ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ ወጡን ማን ይጠብቅ! «እትዬ፣ አንቺም በይ» አላት። ሳቀችና በእጇ ገፋችው። አልሄደም። ተቀበለችው።

«እምዬን ሌሊት ሌሊት የማነሣት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ወገቤ አልቻለም። እባካችሁ በየተራ እደሩልኝ።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ይህን ከዚያ በፊት ሳትናገረው ቀርታ አይደለም። ማድቤት ውስጥ ለአንዷ ብላዋለች፣ በስልክ ለሌላው ብላዋለች። ግን ለየብቻ የተነገረ ነገር መጨረሻው ይታወቃል፦ የሰማው ሁሉ ሌላው ይሠራዋል ብሎ ያልፋል። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ የሰማውን ግን «እኔ አልሰማሁም» የሚል አይገኝም። ያ ድምፀ ጎርናና አጎቴ እንኳን ማይኩን «አምጣ» አላለም። ወረቀት ነው ያስመጣው። ሳይመሽ የአዳር ተራ ወጣ። ከዚያ ካራኦኬው ተጀመረና አክስቴ የአስቴር አወቀን ዘፈን መረጠች። ከቅኝቱ ወጣች፣ ሁላችንም ተከትለናት ወጣን። ኢኖዌ ለምን የሰላም ሽልማት እንደተሰጠው ያን ጊዜ አመንኩ።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህንን ነው። ገመድ ያለው ማይክ አንድ ቦታ ቆሞ ሰውን ወደ ራሱ ይጠራል፤ የሚሄደውም ያው መሄድ የለመደው ሰው ነው። ገመድ አልባው ግን ማድቤት ድረስ፣ አልጋ ድረስ፣ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠችው ዝምተኛ ዘመዳችን ድረስ መሄድ ይችላል። ታዲያ ስትገዙ በጎርናና ድምፅ አትሞክሩት። ከቤተሰቡ በጣም ቀጭን ድምፅ ያለውን ሰው አስቡና «ይህ ማይክ ለእሷ ይበቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክብደቱ ለእጇ፣ ማብሪያው ለጣቷ፣ ርቀቱ ለወንበሯ ይስማማ። መብራቱና የገደል ማሚቶው ቀስ ብሎ ይደረስበታል።

አንድ የመጨረሻ ምክር፦ በዓሉ ሲያልፍ ድንጋዩን ከማይኩ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ውስጡ ከከረመ ያፈስና ብረቱን ይበላዋል። የእኛው ማይክ በጨርቅ ተጠቅልሎ እምዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ የአዳር ተራው ወረቀት ደግሞ በሩ ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞ የእኔ ነው።

ቸር ይግጠመን!