ኃይለኛ ውሻ አለ

በአዲስ አበባ ብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ከማስጠንቀቂያነቱ ይልቅ ጉራነቱ ያመዝናል። ጉራው ግን ባለቤቱ ለመንገድ ሻንጣ ሲያነሳ ያበቃል። ያን ውሻ ማን ይረከበዋል?

የእኔው ቦቢ እንኳ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪ ነው። እንግዳ ሲጠጋው ይገነፍላል፤ ሌላ ውሻ ካየ ገመዱን ሊበጥስ ይደርሳል። ለዘጠኝ ቀን ዘገባ ከከተማ ልወጣ ስል አንዱ የውሻ ማቆያ በስልክ «ምንም ችግር የለም፣ አምጣው» አለኝና ዋጋ ነገረኝ። ነክሶ ያውቃል ወይ? ተከትቧል ወይ? አልጠየቀም። ሌላዋ ሴትዮ ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ያዘችኝ። የክትባት ካርዱን ሳላይ አልቀበልም አለች፣ ለብቻው የሚያድርበትን ክፍል አሳየችኝ፣ ከጉዞው በፊት ሁለቴ አምጥቼ እንዳላምደው አዘዘችኝ። ዋጋዋ ወፈር ይላል። ለእሷ ሰጠሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ ይታያል። ካርድ የሌለው ውሻ ከሆነ እነዚያ 10 ቀናት ለተነከሰው ሰው እንዴት እንደሚያልፉ አስቡት። ተነካሹ ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ ምግብ የሚያቀርብለት ልጅ ነው።

«ለዘበኛው በሰንሰለት አስረህለት ሂድ» የሚሉኝ አሉ። የታሰረ ፈሪ ውሻ መሸሻ ስለሌለው ይብሳል። የዘበኛው ደሞዝ ደግሞ የመነከሻ አይደለም።

ቦቢን ሳስረክብ በወረቀት ጻፍኩላቸው፦ ከኋላው አትምጡበት፤ ሲበላ ሳህኑን አትንኩ፤ ኮፍያ ያደረገ ሰው አይወድም። ልጁ አነበበና ኮፍያውን አወለቀ።