ያመማትን የፈውስ ምልክት ብዬ

ሸዋ ሮቢት ላይ የወር አበባ ሕመም በስሙ አይጠራም። «ሆዷን አሟት ነው» ይባልና ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ አለዚያም ጥርሷን ነክሳ ሽንኩርት ስትኮተኩት ትውላለች። በይፋት ቆላ ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህ ዝምታ ያንገበግበኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አጭር የአኩፓንክቸር ሥልጠና ወስጄ ስመለስም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያ ደስታዬ የጎዳኋት ልጅ አለች።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሕክምና ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ ቆይታለች፤ የቀጭን መርፌው ሕክምናም ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም። ለወር አበባ ቁርጠት በብዛት ከሚወጉት ቦታዎች አንዱ ሳንዪንጂያዎ ይባላል፤ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከቅልጥም አጥንቱ ጀርባ ነው። መርፌው ገብቶ ቀስ ተደርጎ ሲሽከረከር ታካሚዋ መክበድ፣ መደንዘዝ፣ መወጠር ይሰማታል። ወጊውም ሥጋው መርፌውን ያዝ ሲያደርገው በጣቱ ያውቃል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ መርፌው ላይ ስለሚጠመጠም ነው። ቻይናውያን ይህን ስሜት ደ ቺ ይሉታል፤ ሕክምናው የሚሠራውም እሱ ሲመጣ ነው ብለው ያምናሉ።

እኔ ግን ይህን የሰማሁት ባደግሁበት ጆሮ ነው። በእኛ አገር ዋግምት ደም ሲያወጣ፣ ኮሶ ሲመርር ነው ሠራ የሚባለው። ክኒን የተሰጠው ሰው «መርፌ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ደ ቺን ከሕመም ለይቼ አላየሁትም፤ በጠነከረ ቁጥር ፈውሱ የበረታ መሰለኝ።

ልጅቱ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለመግባት ትዘጋጅ ነበር። እናቷ «ሲስተር፣ አደራሽን» ብላ ይዛት መጣች። መርፌውን ሳሽከረክር የእግሯ ጣቶች ታጥፈው አንሶላውን ጨመደዱ። «ነዘረኝ» አለች፤ እስከ ውስጥ እግሯ ድረስ። በዚያ ቦታ አጠገብ ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ፤ ነዘረኝ ስትል መርፌውን ወዲያው መሳብ ነበረብኝ። እኔ ግን «ጎሽ! ያዘ ማለት ነው፤ ትንሽ ቻይው» ብዬ ደግሜ አሽከረከርኩት። ፊቷ ነጣ፣ ላብ አጠመቃት፣ ራሷን ሳተች። እግሯን ከፍ አድርጌ ስትነቃ ለእናቷ ምን እንዳልኳት አልረሳውም፦ «ሰውነቷ መድኃኒቱን ተቀበለ»።

ከዚያ በኋላ ስትመጣ ዝም ትል ጀመር። ጣቶቿ አይታጠፉም። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ተሽሎኛል፣ ሲስተር» ትላለች፤ እኔም ደብተሬ ላይ «ተሽሏታል» ብዬ እጽፋለሁ። ታላቅን ላለማስቀየም የተባለ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። በዚያው ደብተር ተመክቼ ለሌሎች ሴቶች ስለ ሕክምናው አወራሁ።

ማንበብ የነበረብኝን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ 4,640 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 42 ጥናቶች መርምሮ፣ አኩፓንክቸር የወር አበባን ሕመም ያስታግሳል ለማለት ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። የመርፌው ስሜት ራሱም ፍርድን ያስቸግራል፤ በርትቶ የተሰማት ሴት እውነተኛውን ሕክምና እንዳገኘች ታምናለች፣ ያ እምነትም በራሱ ሕመምን ሊቀንስ ይችላል። ሕክምናውን አጥብቀው የሚይዙት ሰዎች እንኳ ሹል ውጋትን ደ ቺ አይሉትም። እኔ ያሳየኋት ደ ቺ አልነበረም፤ ሥቃይ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን በመርፌዬ ተይዤ ሕመሟ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳልጠይቃት መቅረቴ ነው። የተለመደው ቁርጠት የሚመጣው የማሕፀን ግድግዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲለቅና ማሕፀኗ አጥብቃ ስትኮማተር ነው። ኢቡፕሮፌን ይህን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ የጨጓራ ቁስለት የሌለባት ልጅ ገና ሕመሙ ሲጀምር ምግብ በልታ ብትወስደው ብዙ ጊዜ ያስታግስላታል። ሆድ ላይ ሙቀት መያዝም ይረዳል፤ በሮቢት ሐሩር ሙቅ ውኃ ያዢ ማለት ሰሚውን ቢያስገርምም። በዚህ የማይበገር፣ ወሩን ሳይጠብቅ የሚመጣ፣ ለሰገራ ሲቀመጡ የሚያስጨንቅ ሕመም ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እሷ ይህ ሁሉ ነበረባት። ከዓመት በላይ በእጄ ስትመላለስ ቆይታ፣ አክስቷ ደብረ ብርሃን ወስዳ ስታስመረምራት በአልትራሳውንድ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ የቋጠረ ነገር ታየ፤ ሐኪሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አላት፤ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ነው። ያን ዓመት ፈተናዋን የተቀመጠችው ሕመሙ እንዳለባት ነው።

ይቅርታ ስጠይቃት አንገቷን ደፋ አድርጋ «ምንም አይደል» አለችኝ። ያንንም ልክ እንደ «ተሽሎኛል» መጠርጠር ነበረብኝና እናቷ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም፣ ያን «ሰውነቷ ተቀበለ» ያልኩትንም ጭምር ነገርኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ታዲያ ካልተሻላት ለምን ተሽሎኛል ትላለች?» አለችኝ። አመመኝ ስትል «ቻይው» ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያ ወዲህ እውነቱን እንዳትነግረኝ ያደረግኋት እኔው እንደሆንኩ ነገርኳት።